የወይዘሮዋ ሐኪም

መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለቤታችን ሐኪም፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? ብርዱስ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ጉልበቴም ቢሆን ከእኔ ጋር መጣላት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በምትገባበት በር ሁሉ ፈጣሪ ክፉውን ያርቅልህ።

አክስትህ «ደውልለትና በአፍህ ንገረው» ትለኛለች። እኔ ስልክ ስይዝ የምለው ሁሉ ይጠፋብኛል። ስለዚህ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። አንተም በእጅህ ጽፈህ እንደዚሁ ላክልኝ፤ ለሰው ጮክ ብዬ የማነበው ነገር እወዳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መስታወት ቤቴ ውስጥ አንድ ባለ ሱቅ አዝዞ ሳይወስደው የቀረ ወፍራም መስታወት ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው መስኮት ስቆርጥ ለራሴ ቤት አንድ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ቆራረጥኩት፣ በሲሊኮን አጣበቅኩት፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የዓሣ ገንዳ ወጣው። ሁለት ቀን ውኃ ሞልቼ ጠበቅኩት፤ ጠብ አላለም። ሳሎን ውስጥ የቴሌቪዥኑ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት፤ ቴሌቪዥኑ ወደ መኝታ ቤት ተሰደደ። አክስትህ ሦስት ቀን አኩርፋኝ ነበር፤ አሁን ጠዋት ከእኔ ቀድማ የምታያቸው እሷ ነች።

ዓሦቹን ያመጣልኝ ከድልድዩ በታች መረብ የሚጥለው እርጥቡ ነው። ታስታውሰዋለህ፤ ልብሱ ደርቆ ታይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ከሱቅ የሚገዙትን ቀይና ብጫ ዓሦች አልፈልግም፣ የራሳችንን ወንዝ ዓሣ አምጣልኝ አልኩት። «ሰው የሚበላውን አንተ ልትቀልበው?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም ቆሮሶ የሚባሉትን አምስት የወንዝ ዓሦች በባልዲ ውኃ፣ በሕይወት፣ አንዱም ሳይጎዳ አመጣልኝ። አንድ አምባዛም ጨምርልኝ ስለው «ብጨምርልህ ሌሎቹን በልቶ በሳምንቱ ብቻውን ታገኘዋለህ» አለኝ።

ከአምስቱ ትልቋን አክስትህ «ወይዘሮዋ» አለቻት። ምግብ ሲጣል ሌሎቹ ሲሻሙ እሷ መጨረሻ ላይ መጥታ የሚበቃትን ወስዳ ትሄዳለች። ከሥራ መልስ ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናችን ነው፤ ጡረተኛው አስተማሪ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ባለ ፋርማሲው። «ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?» ሲሉኝ «የእህቴ ልጅ የዓሣ ሐኪም ነው» እላቸዋለሁ። ደረቴን ነፍቼ ነው የምላቸው፤ አልዋሽህም።

እንግዲህ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ውኃውን በስንት ቀን ልቀይር? ደግሞ ነጭ ካፖርትህን ለብሰህ የተነሳኸውን ፎቶ ላክልኝ፤ ክፈፉን ሠርቼ ጨርሻለሁ።

አጎትህ


ጥቅምት 18 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ከራስ እስከ እግር ጤናዎ የተጠበቀ ይሁን። እትዬንና ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። መልሴ ወር ሊሞላው ስለደረሰ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ውኃውን በየሳምንቱ ሲሶውን ብቻ ይቀይሩ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ በባልዲ ይደር። ምግብ አያብዙ። ዋናው ንጽሕና ነው። እኛም ሥራ ቦታ ከሁሉ በላይ የምንጠብቀው እሱን ነው፤ ከመግባታችን በፊት እስከ ክርናችን እንታጠባለን፣ ፀጉራችንን እንሸፍናለን፣ ጠረጴዛው በቀን አራት ጊዜ ይታጠባል።

ስለ ሥራዬ ለሰው ብዙ ባያወሩ ደስ ይለኛል። እንደሚያስቡት ትልቅ ነገር አይደለም።

ፎቶውን ልኬያለሁ። ከወገብ በላይ ብቻ ነው፤ ያለኝ እሱ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 12 ቀን

ለልጄ፣ ለሐኪሙ፤

ደህንነትህን ያብዛልህ፣ የያዝከውን ሥራ ይባርክልህ። እኛ በአካል ደህና ነን፤ በሐሳብ ግን አይደለንም።

መጀመሪያ፣ ፎቶህ ደርሶናል። ባለ ፋርማሲው በወረቀት አተመልኝ፣ ከፈፍኩት፣ ከገንዳው በላይ ሰቀልኩት። «ለሰው ብዙ ባያወሩ» ያልከውንም ለሁሉም አነበብኩላቸው። አስተማሪው «የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ራሱን ዝቅ ያደርጋል» አለ።

አሁን የቸገረኝን ስማኝ። ወይዘሮዋ ምግብ ካቆመች ስምንት ቀኗ ነው። ድንጋዩ ሥር ተወሽቃ ትውላለች። አገጯ ሥር አብጧል። አፏን እንደሚያኝክ ሰው ታንቀሳቅሳለች፣ የምታኝከው ነገር ግን የለም። ምግቡ አፏ ላይ ሲወድቅ እንኳ ፊቷን ታዞራለች። ሌላው ዓሣ ከተጠጋት ታባርረዋለች፤ ድሮ እንዲህ ያለ ጠባይ አልነበራትም። አክስትህ ወንበሯን ገንዳው አጠገብ ካደረገች ሳምንቷ ነው፤ ሁለት ጊዜ ድስት አሳርራለች።

ባለ ፋርማሲው ክኒን ፈጭተን እንበትንላት አለ። የራሳችን ሐኪም እያለ አይሆንም አልኩት። እርጥቡም የሚለው ነገር አለው፤ ያ ግን ለወረቀት የሚሆን አይደለም፣ ስንገናኝ ነግሬህ እንስቃለን።

የምንጠብቀው አንተን ነው። ሰው ገና ከበር ሲገባ «ሐኪሙ ምን አለ?» ነው የሚለኝ። ቶሎ በል።

አጎትህ


ኅዳር 15 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎና ለቤትዎ ሰው ሁሉ ይሁን። ሦስት ቀን የዘገየሁት በደንብ ላስብበት ብዬ ነው።

የጻፉልኝ ምልክት የታወቀ ነው። ምግብ ጉሮሮዋ ውስጥ ተቀርቅሮ በስብሶባታል። እንዲህ ያሉትን ብዙ አይቻለሁ፤ አፋቸው ሲከፈት ብጫ ብጫ ፍርፋሪ ይገኛል። መታጠብ አለበት። እርጥብ ጨርቅ በእጅዎ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ይያዟት። በአውራ ጣትዎ የታችኛውን መንጋጋዋን ወደ ታች ይጫኑ። በቀጭን ጎማ ንጹሕ ውኃ ወደ ውስጥ ይልቀቁ፤ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እስኪወጣ አያቁሙ። ከዚያ ወደ ገንዳው ይመልሷት።

አይፍሩ። እኔ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ የማደርገው ነገር ነው።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትክ? ፈጣሪ ይመስገን እኛ ደህና ነን። ዓሦቹም ደህና ናቸው። ያልከውን አድርገናል፤ እናመሰግናለን።

ሌላ ይህ ነው የሚባል ወሬ የለም። የትምህርት ቤቱን መስኮቶች እየቀየርኩ ነው፤ ኳስ ነው የሰበራቸው። ከእንግዲህ በዓሣ ነገር አላስቸግርህም፣ አንተም ሥራ አለብህ። ብርድ እንዳይመታህ ደርበህ ልበስ።

አጎትህ

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አክስትህ። ሳልነግረው ደብዳቤው ላይ ነገር ስጨምር የመጀመሪያዬ ነው። ፎቶ ካነሳሁት በኋላ ወረቀቱን ከራሴ ነገሮች ጋር እደብቀዋለሁ።

ወይዘሮዋ ሞታለች። አጎትህ እጁን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ባለ ፋርማሲው ደብዳቤህን እየደገመለት፣ ልክ እንዳልከው አደረገ። ከአፏ ብጫ ብጫ ፍሬ ወጣ፣ እፍኝ አይሞላም። አጎትህ «ይኸው፣ ሐኪሙ ያለው ወጣላት» ብሎ ደስ አለው፤ ሰውም አጨበጨበ። ባልዲውን ደጅ ደፋነው። በሦስተኛው ቀን በጎኗ ተንሳፍፋ አገኘኋት።

እሱ «እጄ ሻካራ ነው፣ መስታወት እንጂ ነፍስ ያለው ነገር መያዝ አላውቅበትም፣ የልጁን ሕክምና አበላሸሁበት» ይላል። ከአንተ አፍሮ ነው ደህና ናቸው ያለህ። እባክህ የእጁ ጥፋት እንዳልሆነ በሆነ መንገድ ጻፍለት፤ እህል እንኳ በደንብ አይቀምስም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ፍሬ ባልዲው ውስጥ ጎንበስ ብዬ አይቼዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ነበረበት። ምን ነበር?


ጥር 25 ቀን

ለአጎቴና ለእትዬ፤

ጤናችሁን አብዝቶ ይስጣችሁ። ጋሼ፣ ይህን ለሰው ከማንበብዎ በፊት እባክዎ ብቻዎን ያንብቡት። እትዬ፣ ምስጢርሽን ላወጣው ስለሆነ ይቅር በይኝ።

ወይዘሮዋ መሞቷን አውቃለሁ። የገደላት የእርስዎ እጅ አይደለም። የገደላት የእኔ ደብዳቤ ነው።

እትዬ ስለ ጥቁር ነጥቦቹ የጠየቀችኝን ይዤ ከወር በላይ ዞርኩ። እኛ ዘንድ ዓሣውን የምትመረምር አንዲት ሴት አለች፤ እውነተኛዋ ሐኪም እሷ ነች። ምሳ ሰዓት ላይ ጠብቄ ነገርኳት። «ስንት ቀን ሳትበላ ቆየች?» አለችኝ። ነገርኳት። ጉሮሮዋ አብጦ ነበር ወይ አለችኝ፣ አዎ አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠችና «እንቁላሎቿን ነዋ የያዘችው» አለችኝ። የዚህ ዓይነት ዓሣ እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ልጆቿን እንዳትውጥ ብላ ምግብ አትቀምስም። እትዬ ያየሻቸው ነጥቦች ዓይኖቻቸው ናቸው።

እኔ የዓሣ ሐኪም አይደለሁም። የምሠራው ዓሣ ታርዶ በሚታሸግበት ፋብሪካ ነው። ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ሆዳቸውን እከፍታለሁ፣ አንጀታቸውን አወጣለሁ፣ አፋቸውንና ጉሮሯቸውን በጎማ አጥባለሁ። ነጭ ካፖርት እንለብሳለን። ፎቶውን ከወገቤ በላይ የቆረጥኩት ከዚያ በታች ደም የነካው የላስቲክ ሽርጥና ቦት ጫማ ስላለ ነው። እንዲህ ያሉትን ብዙ አይቻለሁ ያልኩዎ እውነት ነው፤ ያየኋቸው ግን ሁሉም የሞቱ ነበሩ።

እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር እትዬ በስልክ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። «ከዓሣ ጋር ነው፣ ነጭ ካፖርት እንለብሳለን» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ስደውል በሰዉ አፍ ሐኪም ሆኜ ተገኘሁ። ላስተካክለው አስቤ ነበር። ግን ስልኩን የሚያነሳው ሰው ሁሉ «ሐኪሙ!» ሲለኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታው አራት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሦስቱን ቀን የዘገየሁትም ሳስብ አልነበረም፣ ስፈራ ነበር። ሰው ሁሉ ሳሎን ተቀምጦ መልሴን ሲጠብቅ ታየኝና የማውቀውን ብቸኛ ነገር ጻፍኩላችሁ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፎቶውን ያውርዱት።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 30 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ጤናህን መጠየቅ እንኳ ከብዶኝ ሁለት ወር ከረምኩ። እንደምን አለህ? ይኸው ጠየቅኩህ።

ፎቶውን አውርጄዋለሁ። ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅህም። አክስትህንም ለአራት ቀን አላናገርኳትም፤ ከዚያ ለካ የምበላውን የምትሠራው እሷ ነች፣ ታረቅን። ሥራህ ግን አላሳፈረኝም፤ ይህን እወቅልኝ። አንተ ዓሣ ትቆርጣለህ፣ እኔ መስታወት እቆርጣለሁ፤ ሁለታችንም እጃችን ጠባሳ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ኖሮ «ጎበዝ፣ ጣትህን ጠብቅ» ነበር የምልህ።

ያሳፈረኝ ሌላ ነው፤ እሱን አልጻፍኩልህም ነበር።

ደብዳቤህ በደረሰ ቀን፣ ገና ወይዘሮዋን ከመንካታችን በፊት፣ እርጥቡ ለዓሦቹ ትል ይዞ መጣ። ሰው ሞልቷል። ምን ልናደርግ እንደሆነ ሲሰማ ባልዲውን አስቀመጠና «አትንኳት፣ ልጆቿን ይዛ ነው» አለ። ለእኔማ ቀደም ብሎም ነግሮኝ ነበር፤ ለወረቀት አይሆንም ያልኩህ ይህንኑ ነው። «የት ነው የያዘቻቸው?» አልኩት፣ እያወቅኩ፣ ሰው እንዲሰማ። «በአፏ» አለ። በሳቅ ፈነዳን። እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅኩት። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን ጠረገች። እሱ አልሳቀም፤ «ካባቴ ጀምሮ ወንዙ ላይ ነኝ፣ ሁለት ሳምንት ታገሷትና ራሳችሁ ታዩታላችሁ» አለ። እኔ ደብዳቤህን አንስቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ስጨርስ ፎቶህን በጣቴ አሳየሁትና «አየህ፣ የተማረ ሰው ይህን ይመስላል፤ አንተ መረብህን ጣል» አልኩት።

መረብህን ጣል አልኩት። ቤቴ ዓሣ ላመጣልኝ ሰው።

ባልዲውን ትቶ ወጣ። ባልዲው እስከ ዛሬ እኛ ጋ ነው። መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል።

አንተ የጻፍክልኝን እንዳነበብኩ ቤቱ ሄድኩ። ደጅ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ቀና ሳይል «ስትስቅብኝ ስድስት ሰው ይዘህ ነበር፤ ይቅርታ ልትለኝ ብቻህን መጣህ?» አለኝ። መረቡን መጠገን ቀጠለ። ተመለስኩ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ የዚያን ቀን የነበሩትን ሁሉ ለመጪው ቅዳሜ ጠርቻለሁ። አክስትህ ሄዳ ለምናው እሱም እመጣለሁ ብሏል። የእኔን ይቅርታ እኔ በአፌ እላለሁ። የአንተን አንተ ጻፈው፤ ያኔ እንዳነበብኩት ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ሰው ሁሉ እንደሚሰማው አውቀህ ጻፍ። ከከበደህ ተወው፣ አልፈርድብህም። ግን «የእህቴ ልጅ ሥራ በዝቶበት ነው» ብዬ ስለ አንተ ሁለተኛ አልዋሽም።

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥህ።

አጎትህ


ሚያዝያ 3 ቀን

ይድረስ ለእርስዎ፣ ከድልድዩ በታች መረብ ለሚጥሉት፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ወንዙስ እንዴት ነው? አብረውዎ ለተቀመጡትም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ይህን የሚያነቡት አጎቴ ናቸው። አንዳንድ ቦታ ድምፃቸው ዝቅ ካለ እባካችሁ ከፍ አድርገው እንዲያነቡት ንገሯቸው።

እኔ የዓሣ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ የሞተ ዓሣ የምከፍትና የማጥብ ሠራተኛ ነኝ። አጎቴ ሐኪም ነው ያሏችሁ እኔ ስላሳመንኳቸው ነው፤ እሳቸው አልዋሿችሁም። ባለፈው የተነበበላችሁን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለ ሕያው ዓሣ አንድም ነገር ሳላውቅ ነው።

እርስዎ «ልጆቿን ይዛ ነው» ሲሉ ያወቁትን ነው የተናገሩት። ሰው የሳቀብዎ የእኔን ወረቀት ተማምኖ ነው፤ ስለዚህ የሳቀብዎ እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ ከድልድዩ ላይ ሆነን ድንጋይ ስንወረውር ዓሣው ይሸሽብዎት ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተውን አያውቁም። ይህን ሳስታውስ የበለጠ አፈርኩ። ይቅር ይበሉኝ። ይቅር ባይሉኝም እውነትዎን ነው፤ ይህን ግን በሰው ፊት ማለት ነበረብኝ።

አራት ዓመት ሙሉ አፋቸውን ሳጥብ ያ ብጫ ፍሬ ሲወርድ አይ ነበር። የበሉት ነገር ይመስለኝ ነበር። ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ ጎማውን ከፈት አደርግና ወደ ፍሳሹ እሰደዋለሁ። ስንት እንደሆነ ለመቁጠር አልሞከርኩም፣ አልችልምም።

ካወቅኩ ወዲህ ከማጠቤ በፊት አያለሁ። ባለፈው ሰኞ አንዷ አፍ ውስጥ አገኘሁ፤ ነጥብ አላቸው። በሻይ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አደረግኳቸውና ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኳቸው። አለቃዬ መጥቶ ምንድን ነው አለኝ። «ልጆቿ ናቸው፣ በአፏ ይዛቸው ነበር» አልኩት። ሳቀ፤ ሌሎቹንም ጠርቶ አሳያቸውና እነሱም ሳቁ። ሥራ እስክንወጣ ድረስ ዝቅ እያልኩ አየኋቸው። የሚንቀሳቀሱ መሰለኝ፤ ውኃው ይሁን እነሱ ይሁኑ ግን መለየት አልቻልኩም። ብርጭቆው አሁንም እኔ ጋ ነው።

እናታቸው ከሞተች በኋላ ይተርፋሉ? የሚተርፉ ከሆነ ምን ላድርግላቸው? የማይተርፉም ከሆነ ይንገሩኝ። የሚሉትን አጎቴ እዚያው በሰው ፊት ይጻፉልኝ። እኔ አላውቅም።

የመስታወት ቆራጩ እህት ልጅ፣ ዓሣ ቆራጭ